ውሸታምን የምትዘቀዝቅ መስታወት

ይህን ጉዳይ አደባባይ በማውጣቴ አስቀድሜ ሽማግሌዎችን፣ ፀጉር አስተካካዮችንና በጠቅላላው መስታወት የያዙ ወገኖችን ሁሉ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማንንም ለመንካት አልተጻፈም፤ ነገሩ ስለ መስታወት ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ጭሮ ውስጥ መብራት በሄደ ቁጥር የእናቴ አባት አባባ ሙሜ የቡና ቅጠል ሆጃ ከተጣደበት ከሰል አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። ፀጉር ቤታቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ከዕቃው ያስቀሩት ጢም ሲላጭ ጉንጭ አጉልታ የምታሳይ አንዲት ክብ ጎድጓዳ መስታወት ነበረች። ያኔ የፋኖሱ ብርሃን ሲያርፍባት ሌላ ፋኖስ የተለኮሰ ይመስለን ነበር። ተረቱም ስለ እሷ ነው፦ ውሸታምን ዘቅዝቃ የምታሳይ የአንድ ሱልጣን መስታወት በግመል ተጭና አገር ስትዞር ኖራ በመጨረሻ ጭሮ፣ አባባ ፀጉር ቤት ገባች። ሱልጣኑን ከፀጉር ቤት ምን አገናኘው ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ከተረቱ በኋላ ማስረጃው ይቀርባል። ስኳር የጎደለ ቀን አባባ መስታወቷን ፊታቸው ድረስ አስጠግተው መጀመሪያ ራሳቸውን ያያሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀጥ ብያለሁ» ይሉና በሩ አጠገብ ወደተደረደርነው ወደ እኛ ያዞሯታል። ሁላችንም አንሰን፣ አናታችን ወደ መሬት። ስኳሩን የበላውም ያልበላውም እኩል ያለቅስ ነበር።

መስታወቷን መወልወል የእኔ ሥራ ስለነበር ምስጢሯን ያወቅሁት ሳልፈልግ ነው። ስንዝር ያህል ከፊቴ ስትርቅ ቀጥ ብዬ እተልቃለሁ፤ ወደ ኋላ ስሸሽ ፊቴ ያብጥና ይደፈርሳል፤ ትንሽ ስጨምር ጠርቼ፣ ግን ተገልብጬ እመጣለሁ። በዚያች አንድ እርምጃ ውስጥ ምንም አልዋሸሁም። በኋላ የፊዚክስ መምህራችን እንዳስረዱን፣ ጎድጓዳ መስታወት ብርሃንን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል፤ ከነጥቡ ወዲህ የቀረበ ቀጥ ብሎ ይጎላል፣ ከነጥቡ ወዲያ የራቀ ይገለበጣል። ስለ ስኳር ያሉት ነገር የለም።

ዝም ብዬ እኖር ነበር፤ የአክስቴ የፈቲያ ነገር ግን አላስችል አለኝ። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጀማል የሚባል የገለምሶ ልጅ ከአጎቱ ጋር ሊያጫት መጣ። ፈቲያ ማድ ቤት ጎትታ አስገባችኝ።

«ዛሬም ያቺ መስታወት ከወጣች አርጅቼ መቅረቴ ነው» አለች። ከዚያ በፊት የመጡት ሁለቱ ተዘቅዝቀው ተመልሰዋል።

መስታወቷ ወጣች። ጀማል እንደ ጨዋ እንግዳ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«በል ልጄ፣ ያየኸውን ተናገር» አሉ አባባ።

ጀማል ትክ ብሎ አየ። «አባባ፣ ወላሂ ተዘቅዝቄያለሁ።»

አጎቱን ሳል ያዛቸው። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ስኒ ተሰበረ። እኔም ከአፌ አመለጠኝ፦

«አባባ፣ ደክሟት እንደሆነ እርስዎ ከበሩ ሆነው ቢያዩዋትስ?»

አባባ በሙሉ ልብ ተነሡ። መስታወቷን አስይዘውኝ በሩ ጋ ቆሙና አዩ። ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«እንዴት ኖት፣ አባባ?» አለ ጀማል በትሕትና።

«በሩ ነው» አሉ። «ይሄ በር ድሮም ጠማማ ነው። ኮቱ፣ ወዲህ ቅረብ!»

ጀማልን ከጎናቸው አስቀምጠው መስታወቷን ፊቱ ላይ ደቀኑ። ቀጥ ብሎ፣ ጥርሱ ሁሉ ሳይቀር ጎልቶ ታየ። ዱዓ ተደረገ፤ ፈቲያ ተዳረች። በሩንም በሳምንቱ አናጢ መጥቶ አቃናው።

አባባ ካለፉ በኋላ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ መስታወቷ ለጀማል ደረሰች። ባለፈው ዒድ ገለምሶ ብሄድ ልጆቹን በሩ አጠገብ ደርድሮ፣ መስታወቷን አፍንጫው ላይ ይዞ የሱልጣኑን ተረት ይነግራል። እኔ ዛሬ ጭሮ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አፌን ለመክፈት ተነሣሁ። ጀማል አየኝና ከፍራሹ ፈቀቅ አለ።

«ኮቱ፣ እዚህ ቅረቢ» አለኝ።

ቀረብኩ። ቀጥ ብዬ፣ ተልቄ፣ አምሮብኝ ታየሁ፤ ልናገር የተነሣሁበትም ጠፋብኝ። ከያኔ የቀረኝ ይህ ነው፦ እገሌ ተዘቅዝቋል ሲሉኝ የት ቆሞ ነው፣ መስታወቷን የያዘውስ ማነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ በልቤ።

ለእናንተም የነገርኳችሁ ቀረብ ብላችሁ ስለተቀመጣችሁ ነው። አደራ፣ በሩ አጠገብ ላሉት እንዳትነግሩብኝ።