ተቀምጦ የሚተኛው እንግዳ

«የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብሎ ከገባ ጀምሮ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ገሳይ ላይ ብቻዋን የምትኖረው አመተማርያም ጎልማሳውን አላመነችውም። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ተቀምጦ ነው የሚተኛው፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል። ጋቢው ሲንሸራተት ግራ ደረቱ ላይ የተስተካከለ ስፌት አየች። ጣሊያን ባንዳውን ካልሆነ ማንን እንዲህ ያክማል?

«ማን ሰፋህ፣ ወንድሜ?»

«የጣሊያን ሐኪም፣ እትዬ። ሳንጃ ልቤን ነክቶኝ ስማረክ ሰፋኝ። አሁን ዙሪያውን ውሃ ቋጠረ።»

«ታዲያ ለምን አልቀዳልህም?»

«አስተርጓሚው አስቀድመህ ጉና ያሉትን ጓደኞችህን ስም ንገረን አለኝ። አምልጬ መጣሁ።»

ባሏ ዛሬም ጉና ላይ ከሸፈቱት አንዱ ነው። አመተማርያም የባሏን ደበሎ ጠቀለለችና እንዲደፋበት ጉልበቱ ላይ አደረገችለት።

«የማን ነው?» አላት።

«የሟቹ ባሌ» አለችው።