የኮሪን ማሽን

አርቪድ ቶለፍሰን አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ የኮምፒውተር አምራች ኩባንያ ውስጥ ለብዙ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ሥራችን የደንበኛ ማሽን በቆመ ቁጥር ስልክ አንስቶ መሰደብ ነበር። አርቪድ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ስልኩን ይዘጋና ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ቀጣዩን ያነሳል።

ታላቅ እህቱ ኮሪን ዱሉዝ ከተማ ውስጥ የገበሬ ማኅበራትን ሒሳብ በእኛ ሶፍትዌር የምትሠራ ትንሽ ድርጅት ነበረቻት። አሮጌው ማሽኗ አልነሳ ሲላት፣ የሌላ ኩባንያ ርካሽ ማሽን ያንኑ ሶፍትዌር ያለ ችግር እንደሚያስኬድ ሞክራ አየች። የእኛ ሰዎች ግን «ሶፍትዌራችን የሚሠራው በእኛ ማሽን ብቻ ነው» ብለው በሌላ ማሽን የመጠቀም ፈቃድ ከለከሏት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አርቪድ ቤት ምሳ ስንበላ፣ ኮሪን ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባባ ትራክተር ሲገዛ፣ ሻጩ ከእኔ ማረሻ ሌላ እንዳትቀጥልበት ብሎት ያውቃል?»

«ትራክተሩ ሲቆም ከሥሩ የሚገባው አባባ ራሱ ነበር» አለ አርቪድ። «የእናንተ ሲቆም የምትደውሉት ለእኔ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ሙሉ፣ ዓይኑን አይቼው የማላውቀው የሌላ ኩባንያ ማሽን ላይ ጥፋት ስፈልግ ከረምኩ። ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ ተገኘ። ስድቡን ግን እኔ ጠጣሁት።»

«እኔ አልደውልልህም። ከፈለጋችሁ እፈርማለሁ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አንተ የዋህ! ማሽናቸውን ሊሸጡ እንጂ ለአንተ ጤና ተጨንቀው መሰለህ?»

አርቪድ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረ። ሰኞ ግን አለቃችን ቤቨርሊ ሩስካ ቢሮ ገባ፤ በሩን ስላልዘጋው ሰማኋቸው።

«ለእህትህ ከፈቀድኩ፣ ነገ ማንን ልከለክል ነው?» አለችው። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እሷም ደክሟታል።

«ፍቀጂላት አላልኩሽም። ልክ ነው ወይ ነው ያልኩሽ።»

«እሱን የሚመልስልህ ሰው እዚህ ሕንፃ ውስጥ የለም፣ አርቪድ።»

ኮሪን የእኛን ማሽን የምትገዛበት አቅም አልነበራትም። ማኅበራቱ አንድ በአንድ ወደ ትልልቅ ድርጅቶች ሄዱባት፤ እሷም ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ቢሮዋን ስትለቅ ዕቃ ልናወርድላት ሄደን ሳለ፣ አርቪድ ጠረጴዛ እንደያዘ ደረጃው መሐል ቆመ።

«ስልኩ ሲጮህ እኛ ትክክል ነን እላለሁ» አለኝ። «እሷን ሳያት ደግሞ…» አልጨረሰውም። «ያዝ፣ እንውረድ።»

ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሠራ። በጋ በመጣ ቁጥር ከኮሪን ጋር ሐይቅ ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ። ስለ ኮምፒውተር ግን፣ ተስማምተው ሳይሆን እንዲሁ፣ ማውራት ትተዋል።