ከኮረብታው ማዶ ያለ ወንድም

ከቅዳሴ ስመለስ አሮጊቷ ቴሌቪዥኑን ከፍተው፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው ስበው፣ ለእኔም ወንበር አስጠግተው ጠበቁኝ። የምኖረው ከአገሬ በጣም ርቃ በምትገኝ፣ በሰኔም ብርድ በማይለቅባት ከተማ ነው፤ ሥራዬ እኒህን አሮጊት መንከባከብ ነው። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ሾርባ እሠራለሁ። መጀመሪያ ስገባ ስማቸው አፌ ላይ ስለከበደኝ «እማማ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠይቀው ሲረዱ ወደዱት፤ አሁን ሰው በስማቸው ሲጠራቸው ቅር የሚላቸው ይመስለኛል።

«ዛሬ ፊልም አለ» አሉኝ። «የጦርነት ነው። አብረሽኝ ታያለሽ።»

«እማማ፣ የሐዋርያት ጾም ነው እኮ።»

«ጾምሽ ሥጋና ወተት ነው ብለሽኝ አልነበር? ፊልሙ ውስጥ ወተት የለም።»

ሲቀልዱ አይስቁም። እኔም ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ስላስቀደስኩ ጉልበቴ ዝሏል፤ መከራከሩን ትቼ ተቀመጥኩ። የጦርነት ፊልም አላይም። ድሮም አልወድም፤ ወንድሜ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ስሰማ ሰበብ ፈልጌ ወደ ወጥ ቤት እገባለሁ።

«ይሄ እንደ ሌሎቹ አይደለም» አሉ። «የሠሩት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን እነዚያን ነው። ጠላቶቹን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእነሱ በኩል ነው። ጎረቤቴ አይታው ተናዳለች።»

«እርስዎስ ሊናደዱ ነው የሚያዩት?»

«ለመናደድም ጉልበት ያስፈልጋል። ይልቅ ትራሱን ከጀርባዬ ከፍ አድርጊልኝ።»

በዚያ ጦርነት ታላቅ ወንድማቸው ሞቷል። እሳቸው ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ፎቶው ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ጆሮዎቹ ወደ ጎን ወጣ ያሉ፣ ለፎቶ ብሎ የተኮሳተረ ልጅ ነው። ሬሳው አልተገኘም። ከተማው መሐል ባለ ድንጋይ ላይ ስሙ ከሌሎች ስሞች ጋር ተቀርጿል፤ በየዓመቱ አበባ ይዘን በተሽከርካሪ ወንበር እወስዳቸዋለሁ።

ፊልሙ ኮረብታ ላይ ምሽግ ቆፍረው ስለተቀመጡ ጥቂት ወታደሮች ነው። የእማማ አገር ወታደሮች አንድ ጊዜ እንኳ አይታዩም። አንዱ ወታደር ጥርሱን ያመዋል። አንዱ በበግ ጠጉር መቁረጫ የጓደኞቹን ፀጉር ያስተካክላል። ምግብ አብሳዩ ድንች ሲልጥ ልጣጩን ቀጭን አድርጎ ነው፤ ምንም እንዳይባክን። ስስት ሳይሆን የምግብ እጥረት እንደሆነ ያስታውቃል።

«ይሄን ልጅ ጥርሱን ንቀሉለት እንጂ!» አሉ እማማ ለቴሌቪዥኑ። «ምን ያንገላቱታል!»

«እማማ፣ ጠላት ነው» አልኳቸው።

«ጥርስም ጠላት አለው እንዴ? ሞኝ አትሁኚ።»

እኔ ግን ሐሳቤ ፊልሙ ላይ አልነበረም። በዚያው ሳምንት እናቴ ደውላ የጠየቀችኝን ነገር ገና አልመለስኩላትም ነበር።

እናቴ የምትኖረው ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። ወንድሜ ደባርቅ ላይ በቅሎ ያከራይ ነበር፤ ፈረንጆችን ጓዛቸውን ጭኖ እስከ አምባራስ ያወጣል። ብርድ ሲሆን ጋቢውን ለበቅሎዋ ደርቦ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ዓይነት ሰው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ፈረንጁ ቀረ፤ በቅሎዎቹን ለእናቴ አስረክቦ ከሚሊሻው ጋር ሄደ። በጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወርድ ያየው አለ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። መርዶ ያመጣልን ሰው ስለሌለ ልቅሶ አልተቀመጥንም፤ እናቴም ጥቁር አልለበሰችም። እኔ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም ሲቀበሉ የክርስትና ስሙን ከሕያዋን ጋር አስጠራለሁ። አንድም እሑድ አላስታጎልኩም።

እሱ በሄደበት ክረምት ውጊያው መንደራችን ድረስ መጥቶ ነበር። ሲርቅ እናቴ ባቄላዋን ልታይ ወጣች፤ አበባ ይዞ ነበር ትላለች። ከማሳው ዳር፣ ከእርከኑ ሥር አንድ ሬሳ አገኘች። የዚያኛው ወገን ወታደር ነው። ጎረቤቶቿ «ለጅብ ተይው» አሏት። ቤታቸው የተዘረፈ፣ ልጃቸው የሞተባቸው ሰዎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እሷ ግን አንገቱ ላይ ማዕተብ አየች። ማዕተብ ያሰረ ሰው ሳይፈታ አይቀበርም ብላ የነፍስ አባቷን አስጠራች። ሌላ የሚረዳ ስለጠፋ ሁለቱ፣ ቄስና ባልቴት፣ በድንች መቆፈሪያ ጉድጓድ ቆፈሩለት። በነጠላዋ ገነዘችው። ይህን ሁሉ ያኔውኑ ነግራኛለች። ያልነገረችኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱን የነገረችኝ በዚህ ስልክ ነው።

«ጎርፉ የማሳውን ዳር እየበላው ነው» አለችኝ። «ጉድጓዱ እንደሁ ጥልቅ አይደለም። ይሄ ክረምት ከጠነከረ ያወጣዋል። አጽሙን ቤተ ክርስቲያን ላስገባው ነው።»

«ሰዉ እሺ አለሽ?»

«ሰዉማ ደክሞታል። እምቢ ለማለትም ደክሞታል። ‹እንደ ፍጥርጥርሽ› አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?»

ከኋላዋ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

«ስም ነው የቸገረኝ» አለች። «ያን ጊዜ አባ መጽሐፋቸውን ገልጠው ‹ስመ ክርስትናውን ማን ልበል?› አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ‹መጽሐፉ እገሌ የሚለው ላይ ስም ሳልተካ እንዴት አልፋለሁ?› አሉ። እየመሸ ነው፤ ጅቡ ይጮኻል። አፌ ላይ የመጣውን የወንድ ልጅ ስም ነገርኳቸው።»

«የማንን?»

«የማንን ትላለች ደግሞ! የወንድምሽን ነዋ።»

የያዝኩትን ሳሕን አስቀመጥኩ።

«እማዬ! የሕያው ሰው ስም ለፍትሐት? ሌላ ስም ጠፍቶ ነው? የአባባን አትይም ነበር?»

«አባትሽማ በስሙ ተፈትቶበታል። የወንድምሽ ስም ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ስለ ጎተራው የምትነግረኝ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ተናድጄ ነበርና የማይረባ ነገር ተናገርኩ። በሟቹ ወታደር ኪስ ውስጥ የገብስ ቆሎ እንደነበር ነግራኝ ስለነበር «ቆሎው ከእኛው ጎተራ የተዘረፈ ይሆናል» አልኳት።

«ይሁና» አለች። «ርቦት ነው።» ደግሞም «ስሚኝ እቴ» አለችኝ። «የእኔም የሆነ ቦታ ወድቆ እንደሆነ አንዷ የልጇን ስም ታውሰዋለች ብዬ ነው። ሌላ ምን ላድርግለት? የት እንዳለ አላውቅ።»

«ሕያው ቢሆንስ?»

«ሕያው ከሆነማ ጸሎት ምን ያደርገዋል? ይበጀው እንደሁ እንጂ።»

አባ ግን አሁን ፈርተዋል። አጽም ሲፈልስ ፍትሐቱ እንደገና ይነበባል፤ ያኔ የሰማ አልነበረም፤ አሁን በቀን ብርሃን፣ ካህናቱ ተሰብስበው፣ ሕዝብ ቆሞ ነው የሚነበበው። ስሙ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሙታን ጋር ሲጠራ መንደሩ ይሰማል፤ የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለልቅሶ ይመጣል። ወንድሜ በመንደሩ አፍ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ አባ «የቤተሰቡን ቃል ካልሰማሁ አላነበውም» ብለዋል። ከእናቴ ሌላ ቤተሰብ የቀረሁት እኔ ነኝ። ስም ካልተጠራ ፍትሐት የለም፤ ካልተፈታ ደግሞ ወደ ቅጥሩ አይገባም። ያን የማሳ ዳር ጎርፍ ይወስደዋል።

«አንቺ እሺ ካላልሽ አይሆንም» አለችኝ። እኔም «አስቤ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ቀናት አለፉ፤ አሰብኩ ለማለት ግን አልደፍርም። ስሙን ከሕያዋን መዝገብ አውጥቶ መስጠት የእኔ እጅ ሥራ ሆኖ ስለመጣብኝ ሸሸሁት እንጂ።

ፊልሙ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ወታደሮቹ ንጋት ላይ «እየመጡ ነው» ተባሉ። ጥርሱን የሚያመው ልጅ አገጩን በጨርቅ አስሮ ጠመንጃውን ደገነ። ከኮረብታው ማዶ የሞተር ድምፅ፣ ቀጥሎ የብዙ ጫማ ድምፅ ይሰማል፤ የሚታየው ግን የልጁ ፊት ብቻ ነው። እንደ ልማዴ ወደ ወጥ ቤት ልነሣ ስል እማማ የእጄን አንጓ ያዙ። እጃቸው ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር።

«አሁን ወንድሜ ይመጣል» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አእምሯቸው ተምታቶ መስሎኝ የመድኃኒታቸውን ሰዓት አሰብኩ። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ቀጠሉ።

«ከኮረብታው ማዶ ያለው እሱ ነው። ይሄ ልጅ የሚፈራው የእኔን ወንድም ነው። ጆሮህ ትልቅ ነው ስንለው የሚያለቅሰውን ልጅ!»

ተኩስ ተጀመረ። ፊልሙ ማን እንደሞተ ሳያሳይ ጨለመ፤ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። ሁለታችንም ፎቶውን ቀና ብለን አየነው።

«ከዚያ ድንጋይ ሥር ምንም የለም» አሉ እማማ። «ዕድሜዬን ሙሉ አበባ የማስቀምጠው ባዶ ቦታ ላይ ነው። እሱ እዚያ፣ እነሱ አገር ነው። አንዷ ከመቃብሩ ላይ ሣሩን ታጭድለት ይሆናል፣ አታጭድለት ይሆናል፤ አላውቅም።»

«ስሙን ሳታውቅ?»

«ሣር ለማጨድ ስም ምን ያደርግላታል?» አሉኝ፤ ቀጥለውም «በይ ሾርባዬን አሙቂልኝ።»

ሾርባውን እያማሰልኩ የማስበው ወንድሜን ነበር። ጋቢውን ለበቅሎ የሚያለብሰው ልጅ ለእነዚያ ልጆች ሊማሊሞን የሚወርድ የመኪና ድምፅ ብቻ ነበር። ያኛውም ከእርከናችን ሥር ቆሎውን በኪሱ ይዞ እንዲህ አገጩን አስሮ ሲያዳምጥ ቆይቶ ይሆናል። ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ ስብከት ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን በጣም ስለደከመኝ የምሸሽበት ጉልበት አጣሁ። እማማ ሣር ይበቃቸዋል። ለእኛ ግን ስም ካልተጠራ አይሆንም፤ እናቴ ያላት ትርፍ ስም ደግሞ አንድ ነው።

ሾርባውን አብልቼ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አባን ያንብቡት በያቸው።»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ አይደለም። ግን ያንብቡት።»

«ይበቃል» አለች። «እኔም ከልቤ አይደለም።»

አጽሙ በተነሣበት ቀን ስልኩን ከፍታ ነጠላዋ ውስጥ ያዘችልኝ። ዝናብ ነበር መሰለኝ፤ ድምፁ እየራቀ እየቀረበ ይሰማኛል። የአባ ንባብ በግዕዙ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እገሌ የሚለው ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠሩት፤ ጥርት አድርገው። ሴቶቹ ልቅሶ ጀመሩ፤ ከሁሉም በላይ የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ። እሱ ከጠፋ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። «ልጄ፣ ልጄን» ትላለች፤ ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔም የእማማን ካልሲ በእጄ እንደያዝኩ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቄሱ እንደ ልማዳቸው ስም ሲቀበሉ ተራዬ ደረሰ።

«ወንድምሽን እንደ ወትሮው ከሕያዋን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ። ከሕያዋን።»

«ከሙታንስ የምታስጠሪው አለ?»

«አለ።» ስሙን ነገርኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ያለፉትን እሑዶች ሁሉ ያን ስም ከእኔ አፍ የሰሙ ሰው ናቸው። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ።

«ሞክሼ ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ አባ» አልኳቸው። «ሞክሼ ናቸው።»

ወደ ቦታዬ ተመልሼ መቋሚያዬን ተደገፍኩ።