ከዳንግላ ወህኒ ቤት እስከ እማዬ ደጅ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ እናኑ ከእንጅባራ የቀርቀሃ ወንበር በባጃጅ ጭና አመጣችልኝ። ታራሚዎች የሠሩት ነው አለች። አሁን እዚያ ሙያ ይማራሉ፤ ሲወጡም ከደመኛቸው የሚያስታርቃቸው አለ አሉ። ይኼኔ ልጆቹ ከበቡኝ።

«እማማ፣ አያ እንየውም ታስረው ነበር ይባላል። እስቲ ይንገሩን።»

እሺ አልኩ፤ ወንበሩ ግን ለወገቤ ይቆረቁራል፣ መጀመሪያ ትራስ አምጡልኝ።

ታላቅ ወንድሜ አያ እንየው በግጦሽ ጠብ የአገራችንን ሰው የፈንቴን ታናሽ ወንድም በዱላ መትቶ ገድሎ ነበር። ይሙት ብሎ እንዳልመታው ሁሉም ያውቃል፤ ሰው ግን ሞቷል። በእኛ አገር ዳኛ የፈረደው ሌላ፣ የደም ነገር ሌላ ነው። ለእርቅ ሽማግሌ ቢላክም ፈንቴ እሺ አላለም። እኔ ያኔ ገና ልጃገረድ ነኝ፤ ስንቅ እያመላለስኩ፣ ቶሎ ይውጣ ብዬ ልሳል ወይስ አይውጣ ብዬ፣ ግራ ይገባኝ ነበር።

ወሩ ነሐሴ፣ ጾመ ፍልሰታ ነው። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይነሣም። የተቀቀለ ድንች ከቃሪያ ጋር ቋጥሬ ዳንግላ ብደርስ፣ አያ ከወህኒ ቤቱ በር ውጭ ቆሟል። እዚያው ሙያ ተምሮ ያፈራትን መጋዝ በጆንያ ጠቅልሏል።

ዘበኛው ይስቃል። «እቴ፣ የዛሬውን ስንቅ ሜዳ ላይ ብሉት። በአመክሮ ወጥቶልሻል። የተጎዳነው እኛ፣ ወንበር ሠሪ ያጣነው።»

አያ አልሳቀም። «ማን ላከሽ?» አለኝ።

«እማዬ ናት እንጂ ማን ይልከኛል? እንደምትወጣም አልሰማን።»

«በይ በጋሪ ቅደሚ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

ባለጋሪው ሰምቶ፣ «ና ውጣ ሰውዬ፣ ፈረሴ እስረኛ አይፈራም» አለ። አያ እምቢ አለ። እኔም እምቢ አልኩ። በአጥር ቀዳዳ ሳየው የኖርኩትን ወንድሜን ጥዬ ልሂድ?

ከተማውን አልፈን ወደ አዲስ ቅዳም ስናቀና ከኋላችን የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ጉሙ ሳሳ ሲል ዞሬ አየሁ። ፈንቴ ነው። ጠመንጃው በትከሻው፣ ጋቢው እስከ ዓይኑ። አይደርስብንም፣ አይርቀንም። ስንቆም ይቆማል።

«አያ፣ ፈንቴ ነው» አልኩት በአገውኛ፣ ቋንቋው የሚሸሽገን ይመስል። ፈንቴ እንደኛው አገው ነው። ፍርሃት እንዲህ ያቄላል።

«አይቼዋለሁ። ፈጠን ብለሽ ቅደሚኝ።»

«አልቀድምም።»

«እኅቴ፣ ስሚኝ እንጂ።»

«አልሰማም። ድንቹ ሳይቀዘቅዝ እንብላ።»

ወንዙ ዳር ተቀመጥን። እኔ በፈረሱ በኩል ሆንኩና ጀርባዬን ለአያ ጀርባ ሰጠሁ። እሱ ድንቹን ልጦ ያዘው እንጂ አልበላም። የወንዙ ድምፅና የፈረሱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ፈንቴ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጭኑ ላይ አጋደመውና እኔን አየኝ። እኔም አየሁት፤ ዓይኔን ለመንቀል እንኳ ፈራሁ።

ከዚያ ልጓሙን ሳበና ወደ መጣበት ተመለሰ። አያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ብዙ ቆየ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

መስቀል ሲያልፍ እርቅ ወረደ። አያ በወህኒ ቤት ሙያው ለአገሩ ሁሉ አልጋና ወንበር ሲሠራ ኖሮ፣ ልጅ ወልዶ ስሞ፣ በአልጋው ላይ ሞተ።

ልጆቹ አሁን፣ «እማማ፣ እስር ቤት ሰው ያርማል?» ይሉኛል። እንጃ ልጆቼ። መጋዝ መያዝስ ያስተምራል። ከበሩ እስከ ቤት ያለው መንገድ ነው የሚያስፈራኝ።

አያን በቀበርን ሰሞን ፈንቴ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። እሱም አርጅቷል። ሰው ሲቀንስ ወደ እኔ ተጠግቶ አያ የሚወጣበትን ቀን ማን እንደነገረው አጫወተኝ። መልእክቱን የላከለት ራሱ አያ ነበር፤ ከእሱ ቀድሞ በተፈታ ሰው አፍ። «በዚህ መንገድ ብቻዬን በእግሬ እመጣለሁ። ደም የምትመልስ ከሆነ እዚያው መልስ። እናቴ ደጅ፣ እሷ እያየች አይሁን» ብሎ።

«እኔም ብቻውን መስሎኝ ነው የወጣሁ» አለኝ ፈንቴ።