ለሐምሌ ሰርግ ጥቁር ለብሰን

ልጅ እያለሁ ሰርግ የጥር ነገር ነበር፤ ጥር ካመለጠ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ። በሐምሌ የሚደግስ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ዳስ ቢጣል ዝናቡ ያፈርሰዋል፣ ብቅል ቢሰጣ ፀሐይ የለም፣ እንግዳ ቢጠራ በየት በኩል ይመጣል? ስለዚህ አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት የይስማው ሰርግ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ እስኪገባ ባለችው ጠባብ ጊዜ ውስጥ ይሁን ሲባል፣ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ቤታችን አርፎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። እናቴ የጀመረችውን ሥራ ትታ ሌላ ትጀምራለች። አባቴ ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። እኔም ምን እንደሚያቁነጠንጠኝ ሳላውቅ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር እመላለስ ነበር።

ይስማው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተችበት አዝላ ያሳደገችው እናቴ ናት። አባቴን፣ የአዲስ አበባውን የፋብሪካ መካኒክ፣ አግብታ ባሕር ዳር ስትገባ ስምንት ዓመቱ ነበር ይባላል። ትታው የመጣች ያህል ይቆጫታል መሰለኝ፣ ገበያ ወጥታ ጥሩ ሸሚዝ ባየች ቁጥር «ይኸ ለይስሜ ይሆን ነበር» ሳትል አታልፍም ነበር። ያን ክረምት ሃያ ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት ደግሞ በዚያ ዘመን የሚያስደስት ዕድሜ አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ወጣቶች ስም ከመስከረም በኋላ ለወረዳ ያስተላልፋል። ትዳር ይዞ ጎጆ የወጣ ግን ይታለፋል የሚል ወሬ ነበር። ወሬ ነው እንጂ ማንም በጽሑፍ ያየው የለም። ቢሆንም የሁለቱ ታላቅ ወንድም አያ ፈንቴ ይህን ሲሰሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሽራ ፈልገው አገኙ።

የአያ ፈንቴ ደብዳቤ የደረሰን በቅቤ ነጋዴ እጅ ነበር። ወረቀቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ጽሑፉ የመሪጌታ ስለሆነ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ወስዷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ምክር ነው። ሐሙስ ጠዋት ተነሡ። ከአውቶቡስ ሐሙሲት ላይ ውረዱ፤ ግን ከቀትር በኋላ ወደ ሐይቁ እንዳትወርዱ፣ ሰማዩ አይታመንም። እማማ ዳሳሽ ዘንድ እደሩ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ አፋቸው ግን ወሬ አይቋጥርም። ጫማችሁን በእጃችሁ ያዙ፣ ዋልካው ጫማ ይበላል። ወንዙ ሞልቶ ካገኛችሁት ቁሙ፣ ገመድ ይዘን እንመጣለን። እንግዳው በስድስት ቤት ተከፋፍሎ ያድራል፣ ስለ መኝታ አታስቡ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠበቅ ብሎ የተጻፈ ነገር ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘመድ ነው፣ አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ የወረዳ ሰው ግን የሰርጉን ወሬ እንዳይሰማ። መንገድ ላይ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ተዝካር ነው በሉ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደብዳቤውን ከአባቴ እጅ ነጠቀችው። «ለሰርግ ተዝካር? ሟርት አይደለም እንዴ?» አለች።

«ለአፍ ብቻ እኮ ነው» አላት አባቴ። «እኔም ቀበሌ ሄጄ ለተዝካር ብዬ ይለፍ አስጽፌያለሁ። አለቀ።»

እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። የሰርግ ቀሚሷን አጣጥፋ ለድግሱ በያዝነው የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። ለእኔም ከጎረቤት ጥቁር ሹራብ ተለመነልኝ፤ ይበላኝ ነበር። «ሰርግ የሚል ቃል ካፍሽ ቢወጣ» አለችኝ፣ ሌላውን በዓይኗ ጨረሰችው። ተዝካሩ የማን እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም። እነሱ ለራሳቸው የአያቴ ነው ብለው ተስማምተው ኖሯል።

የዓባይ ድልድይ ላይ ወታደር አውቶቡሱን አስቆመ። የእርጥብ ጋቢና የናፍጣ ሽታ አፍኖኛል፣ እግሬ አልቆም ብሎ ከፊት ያለውን ወንበር ይመታል። ወታደሩ ወረቀታችንን አንብቦ ጥቁር ልብሳችንን አየና በትሕትና «ነፍስ ይማር» አለን። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አማተበች።

ሐሙሲት የተቀበሉን እማማ ዳሳሽ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለእንግዳ የሚሞቱ ባልቴት ነበሩ። አባቴ ለማግሥቱ በቅሎ ሊጠይቅ፣ እናቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብላ ወጡ። ስለዋሸችው ይቅርታ ልትለምን እንደሄደች አውቄያለሁ። እማማ ዳሳሽ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አምጥተው ጭቃ የበላውን እግሬን ያጥቡ ጀመር። ቤቱ የጌሾና የረጠበ ሣር ሽታ ይሸታል፤ ደስ ይላል። እኔ ግን እነዚያ ሁለቱ ቶሎ ይመጡ እንደሆን ዓይኔ ከበሩ አልነቀል አለ።

«ጥቁር ለብሳችኋል፤ ምን አግኝቷችሁ ነው ልጄ?»

«ተዝካር ልንሄድ ነው።»

«እኔን! የማን ተዝካር?»

በራሴ ውስጥ አንድም የሞተ ሰው ስም አልመጣልኝም። ከሐሙስ በፊት ባለው ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ሲጠራ የሰነበተ ስም አንድ ብቻ ነው።

«የአጎቴ» አልሁ። «የይስማው።»

እግሬን ለቀቁት። «የቱ ይስማው? የኔው ይስማው?» አሉ። ለካ ይስማው ገበያ በመጣ ቁጥር አህያውን የሚያስረው እሳቸው ግቢ ነው፤ ልጅ ስለሌላቸው እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። እንዳይታፈስ ፈርቶ ከፋሲካ ወዲህ ከገበያ ቀርቶ ነበር። «ለዚህ ነዋ የጠፋብኝ! ለዚህ ነዋ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ በዝናብ እየሮጠ መጣ። አንዷ ሴት ሙሾ አወጣች። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ጋቢው ውስጥ ይዞ ገባና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ አንድ እግሬ ገበቴው ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ውሸቴን ነው ልበል? ካልሁ የሰርጉ ምስጢር ይወጣል። ዝም ልበል? ዝም ካልሁ ይስማው ሞተ።

እናቴ ከግቢው በር ስትደርስ የሰማችው የወንድሟን ስም በሙሾ ነው። እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች መርዶ የደረሰ ነው የመሰላት። «ይስሜ!» ያለችው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እዚያው ጭቃው ላይ ወደቀች። ሴቶቹ አንሥተው ሲያስገቧት በመካከላቸው ሾልኬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምሁና በጆሮዋ «እማዬ፣ አልሞተም። እኔ ነኝ ያልሁት፣ ውሸት ነው» አልኋት።

አየችኝ። ከዚያ በር ላይ ያለውን ባለጠመንጃ አየች። የእጄን አንጓ እስኪያመኝ ጨብጣ ያዘችና አንገቷን ደፍታ እንደገና አለቀሰች። እያወቀች ነው ያለቀሰችው፤ ግን ከፊተኛው ልቅሶዋ የሚለይ ነገር አላየሁበትም።

«ዕድሜው ስንት ነበር?» አላት ጥበቃው ሲወጣ።

«ሃያ።»

«ለእናት አገሩ የሚደርስበት ዕድሜ» አለ፤ ከልቡ አዝኖ። «እግዜር ያጽናሽ።»

አባቴ በቅሎ ተከራይቶ ሲመለስ ለቀስተኛው ገና አልተበተነም ነበር። እናቴ በዓይኗ አስረዳችው። ቆቡን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ኋላ ላይ «የአያትሽ ነው በይ ብዬ ነግሬያት መስሎኝ ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ የባሰው መጣ፤ እማማ ዳሳሽ አብሬያችሁ ካልሄድሁ አሉ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ለነፍሱ የሚሆን ጧፍ ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። «ወንዙ ሞልቷል ይላሉ እማማ፣ እርስዎ በጉልበትዎ አይችሉትም» ብላ እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። በመጨረሻ ጧፉን ሰጥተውን ቀሩ። ከዓይናቸው እስክንሰወር እኔ አንድ ጊዜም ዞሬ አላየሁም።

ይስማው ወንዙ ዳር ገመድ ይዞ ሲጠብቀን አገኘነው። እናቴ ጭቃውን ሳትመርጥ ሮጣ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ጆሮውን ሳይቀር ዳበሰችው። ታሪኩን ሲሰማ እንደዚያ ሲስቅ ሰው አላየሁም። «በሉ እንግዲህ፣ ሙት አይዘምትም! ደግሞ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አለና ትከሻው ላይ አወጣኝ። ሦስቱን የሰርግ ቀን ሙሉ ባገኘኝ ቁጥር «ገዳዬ መጣች» ይል ነበር። ሰርጉ ራሱ የጭንቀት ሰርግ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ከበሮው ይመታል፣ ዝናቡ ሲያባራ ይቆማል። ሴቶቹ እልልታቸውን በነጠላቸው ያፍኑት ነበር። ሙሽራዋ ከኔ በስድስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ በተንቀሳቀሰ ሰው ሁሉ ትደነግጣለች። እኔም የወረዳ ሰው መጣ እያልሁ በየደቂቃው ወደ ጎዳናው አይ ስለነበር የበላሁትን አላስታውስም።

የወረዳ ሰው ያን ሐምሌ አልመጣም። የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ያገባም ያላገባም ሳይል ወሰደ። ይስማው ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን፤ ሦስተኛ አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ሲመለስ እናቴ መናኸሪያ ሄዳ ትቆም ነበር፤ ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ቀጭን ሰው ሁሉ ታያለች። ሞቷል የሚል ሰው አልመጣም። አለ የሚልም አልመጣም። ሚስቱ አራት ዓመት ጠብቃ በእናቴ ምርቃት ሌላ ባል አገባች። ዘመዶች «እንግዲህ ተዝካሩን እናውጣለት» ሲሉ ግን እናቴ እሺ አላለችም። መርዶ ያልመጣለትን ሰው አልቀብርም አለች። ያ የገዛ አፌ ያወጣው ቃል ከዚያ ወዲህ አንድም ሰርግ በሰላም አላስበላኝም።

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። የጥሪው ካርድ በስልኬ ነው የመጣው። የት እንደምናርፍ፣ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚወስደን፣ መንገዱን በካርታ ሁሉ ያሳያል። እንግዶቹ ቀኑን ሙሉ «ተነሥተናል፣ ደርሰናል» እያሉ ፎቶ ይላላካሉ። ድልድዩ ላይ «ወዴት ናችሁ?» ብሎ የጠየቀን የለም። ቢጠይቀን ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ሰርግ!» እንለው ነበር። ይህ ትንሽ ነገር እንደሆነ የሚመስላቸውን ልጆች እያየሁ ቀናሁባቸው፤ ደስም አለኝ።

ከሰርጉ ወጥቼ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደኅና ነው። አጠገቧ ተቀምጬ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ያልደፈርሁትን ነገርኋት። ያን ቀን ሌላ ስም ብጠራ ኖሮ እያልሁ እንደምኖር፣ በቁሙ የቀበርሁት እኔ ነኝ እንደምል። እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«ተይ ልጄ» አለች። «ይስሜ የተለቀሰለት ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ባይለቀስለት መች ይለቀስለት ነበር?»