ለድብ ባሕሩ ሰው የተላከው ቁጥር

የማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ የተሰረቀ ዕለት መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ድንጋጤው ከኋላ ነው የመጣው።

ያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ለሰው ኢሜይል እከፍታለሁ፣ ቫይረስ የገባበትን ፍላሽ አጸዳለሁ፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሽፋን የሌላቸው መጻሕፍት እያነበብኩ፣ ከሰርግና ከለቅሶ ቤት እየለቃቀምኩ በራሴ የያዝኩት ነው። በማኅበራዊ ገጼ ስለጥፈው የሚያነቡልኝ የአክስቴ ልጆችና አንድ የማላውቀው የባሕር ዳር ሰው ነበሩ።

እሷ ቀሐ አካባቢ ባለ ልብስ ስፌት ቤት ጥልፍ ትጠልፋለች። ግጥም የምትጽፈው በስልኳ ነው። ክር ስትቀይር ሁለት ስንኝ፣ ደንበኛ ሲለካ ሁለት ስንኝ፤ ሲያልቅ በቀጥታ ገጿ ላይ ትለጥፈዋለች። ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም። ማታ የለጠፈችውን ጠዋት ሳየው አገር ተቀባብሎታል። እኔ እያንዳንዱን ስሕተት ፍለጋ ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አላገኝም። እወዳት ነበር። የምወዳትን ያህል ግን በአንባቢዎቿ እመቀኛት ነበር።

ከአንባቢዎቿ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ድብ ባሕር የሚኖር አንድ ገጣሚ ነው። እሷ በለጠፈች ቁጥር ከሥሩ በግጥም ይመልስላታል። መልሱ ደግሞ መጥፎ አይደለም።

አንድ ቀን የክርስትና ስሟን ጠየቅኋት።

«ምነው? ልታስደግምብኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

«ለማወቅ ያህል ነው።»

«ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። አንተም አታውቀውም።»

እኛ ዘንድ የክርስትና ስም ከክፉ ሰው ይደበቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው የይለፍ ቃል ፍጠር ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምሥጢር አለው? የእሷም የይለፍ ቃል የክርስትና ስሟ ነበር፤ ከኋላው የስልኳን የመጨረሻ ቁጥሮች ጨምራበታለች። ይህን ያወቅሁት ገጿ ከተሰረቀ በኋላ ነው።

እናቷ ታማ ነበር። አንድ የገዳም ሥዕል የለጠፈ ገጽ «የክርስትና ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉልን፣ በጸሎት እናስባችኋለን» ይላል። ከሥሩ የሰው ስም ተኮልኩሏል። እሷም የእናቷን ጻፈች፤ ከእናቷ ሥር የራሷን። ሌባው ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ነጠላዋን በአንድ ትከሻዋ እየጎተተች ኢንተርኔት ቤት ገባች። ገጿ አላስገባ ብሏታል። በእኔ ገጽ ከፍተን አየነው። ስሟ ተቀይሯል፤ ፎቶዋ ተነሥቷል፤ ለጓደኞቿ ሁሉ «ቸግሮኝ ነው፣ ካርድ ላኩልኝ» የሚል ተልኳል። ግጥሞቿን ደግሞ ሌባው ከላይ ጀምሮ ያጠፋቸዋል። እያየን ሳለ አንዱ ጠፋ።

«የማን ገጽ ላይ ነው ስምሽን የጻፍሽው?» አልኳት።

«አላውቃቸውም። ለእናቴ ብዬ ነው።»

«እኔ ስለምንሽ እንቢ ያልሽውን ለማታውቂው ሰው?»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴ እየተቃጠለ አሁን እሱ ነው የታየህ?»

አፈርኩ። ወዲያው መውጫ ትዝ አለኝ። ከወራት በፊት የገጿን ደኅንነት ሳስተካክልላት የታመኑ ሦስት ሰዎች ምረጪ ብያት ነበር። ገጹ ቢሰረቅ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር ይመጣላቸዋል፤ ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲገቡ ገጹ ለባለቤቱ ይከፈታል። ያን ዕለት ስትመርጥ ለጨዋነት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር። አንደኛው እኔ መሆኔን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ስሞቹ ወጡ። አንዷ አይከል ያገባች እህቷ ናት። ሁለተኛዋ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ከአባቷ ጋር ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ጓደኛዋ። ሦስተኛው የድብ ባሕሩ ሰውዬ ነው።

ስሞቹን እንደገና አነበብኳቸው። አልተለወጡም።

«እሱን በምን ታምኚዋለሽ? በአካል አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አንድ ጊዜ ለጥምቀት መጥቶ ቀሐ ተገናኝተናል። አሁን ይኼ ምርመራ ነው ወይስ እርዳታ?»

ጨርቅ ሻጯ ጓደኛዋ ቁጥሯን ራሷ ይዛ ሱቋን ጥላ መጣች። አይከል ኔትወርክ ተቋርጧል፤ የእህቷ ስልክ አይጠራም። የድብ ባሕሩ ሰው፣ ከገጹ ላይ ያገኘነው ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ግጥሞቹ እየጠፉ ናቸው። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ እኔው ሄድኩ። ለእሷ ስል ነው ብዬ ነበር፤ መልኩን ለማየትም ነበር።

ድብ ባሕር መንገድ ዳር፣ ይሠራበታል ባለችኝ እህል መጋዘን በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አያ፣ እዚህ የሚሠራ ግጥም የሚጽፍ ልጅ ነበረ?»

«አለ እንጂ! ሸጋ ልጅ ነው። ለልጄ ሰርግ የገጠመውን ብትሰማው! ምነው፣ ዘመዱ ነህ?»

«አይደለሁም» አልኩ። ከልቤ።

ልጁ ከጆንያዎቹ መሐል ጤፍ የነካው ፀጉሩን እያራገፈ ወጣ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ በራ። «አንተ ነህ እንዴ! አነብሃለሁ እኮ። የክረምቱን ግጥም ለሰው ሁሉ ነው ያሳየሁት።» ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የክረምቱን ግጥም አንድም ሰው አነበበው ብዬ አላስብም ነበር።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ቁጥሩ ደርሶታል። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ጨበጠና ቆመ።

«አልሰጥህም» አለኝ።

«ምን?»

«አትቀየመኝ። ትናንት በእሷ ስም ካርድ ላክልኝ ያለኝ ሰውዬም እንዳንተ 'ቶሎ በል' እያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ስልክ አላነሣም። የራሷን ድምፅ ካልሰማሁ ቁጥሩ ከእጄ አይወጣም።»

«መንገድ ሙሉ ተንገላትቼ ነው የመጣሁት!»

«ሌባም ሊንገላታ ይችላል።»

ይህንን ለደንበኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። በስልክ ቢለምኑህ፣ ቢያለቅሱልህ፣ ቢቸኩሉብህ፣ የሚስጥር ቁጥር ለሦስተኛ ሰው አትስጥ። ሦስተኛ ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ደወልኩላትና ስልኬን ሰጠሁት። የሆነ ነገር ጠየቃት። ከስልኬ ውስጥ ሳቋ ተሰማኝ፤ ገጿ ከተሰረቀ ወዲህ አልሳቀችም ነበር። ከዚያ እንዳልሰማ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሄዶ ቁጥሩን አነበበላት። ስልኬን ሲመልስልኝ ሞቆ ነበር። ምሳ ካልበላህ አትሄድም አለኝ፤ ሚኒባስ ያመልጠኛል ብዬ ሄድኩ።

የእህቷ ቁጥር ከአይከል የደረሰው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ቁጥሮቹን ከማስገባቷ በፊት ሳልጠይቃት ማለፍ አልቻልኩም።

«እኔን ለምን አልመረጥሽኝም?»

ጥልፍ የበላው ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች አሰበች። «አንተን በሁሉ ነገር አምንሃለሁ። እናቴን ሆስፒታል ይዘህልኝ ሂድ ብልህ ትሄዳለህ። ገጼን ግን ትከፍተዋለህ።»

«እኔ?»

«ከማን ጋር እንዳወራሁ ለማየት። የሌሎቹንም ቁጥር አባብለህ ትቀበላቸው ነበር። አትከፍትም?»



ቁጥሮቹን አስገባች። አዲስ የይለፍ ቃል ሲጠይቃት «ስም አይሁን፣ ማንም የማያውቀው ረጅም ዐረፍተ ነገር ይሁን» ብያት ዞርኩ። ብዙ ጻፈች። ከዚያ እልል አለች። ጥቂት ግጥሞች ጠፍተዋል፤ የቀሩት አሉ። ለእናቷ ልትደውል ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ሮጠች። ገጿን ግን እንደ ተከፈተ ትታው ነበር።

ወንበሩ ባዶ ነው። ስክሪኑ ፊቴ ላይ ነው። የመልእክቶቹ ዝርዝር በቀኝ በኩል ተዘርግቷል፤ ከሁሉ በላይ የድብ ባሕሩ ሰው ስም አለ፣ ያልተነበበ። ከስሙ ሥር የመልእክቱ መጀመሪያ ይታያል፦ «የላክሽው ልጅ…»። ሣጥኑ ጠባብ ስለሆነ ከዚያ በላይ አያሳይም።

የላከችው ልጅ ምን? ደግ ነው? ቀናተኛ ነው? ግጥሙ ከሰውየው ይሻላል? አንዴ ብነካው ይነግረኝ ነበር። እጄ ማውሱ ላይ አረፈ። በረንዳው ላይ ለእናቷ «ተመለሰልኝ፣ ተመለሰልኝ» ስትል ይሰማኛል።

ውጣ የሚለውን ተጫንኩ።

ስትመለስ ባዶውን የመግቢያ ገጽ አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ማን ዘጋው?»

«እኔ። ክፍት ትተሽው ሄድሽ።»

«አነበብክ?»

«'የላክሽው ልጅ' ይላል። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

ለአፍታ ፊቴን መረመረችው። ከዚያ ወንበሩን ሳበች። «በል ዙር» አለችኝ።

ዞርኩ። ከጀርባዬ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር እንደገና መጻፍ ጀመረች፤ ትንሽ ቆይቶም የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ። እያነበበች ነበር። ከዚያ ሳቀች። ምን እንደሚል አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም።