እርጥብ ዋንዛ

መጽሐፉን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ማውራት አልችልም። ሄርማታ፣ ገበያው ጥግ ላይ መጽሐፍ እሸጣለሁ፤ ቲጃኒ ከሱቄ ፊት ለፊት ከዋንዛ በርጩማ ይጠርባል። ሕመሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሲነሳበት አይተኛም፣ ዝምም አይልም፤ ኪኒኑን ሲውጥ ግን እንደማንኛችንም ነው።

የሸጥኩለት "ኃይሉ ያለው አንተው ውስጥ ነው" ከሚሉት መጻሕፍት አንዱን ነበር። እንቅልፍ ቀንስ ይላል፤ በማንም፣ በምንም አትደገፍ ይላል። ቲጃኒ በሁለት ቀን ጨረሰው።

በሳምንቱ ሌላ ሰው ሆነ። ከሱብሒ ሶላት በፊት ገና ሳይነጋ መጥረቢያው ይሰማል። በቀን አንድ በርጩማ ይሠራ የነበረው ሰው አራት ያወጣ ጀመር። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፋሁ። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ እሱን እያሳየሁ መጽሐፉን ቸበቸብኩት።

አንድ ቀን ሚስቱ ለጢፋ የእንጨት ፍቅፋቂ በእጇ ይዛ መጣች።

"ንካው" አለችኝ። እርጥብ ነበር።

"ቲጃኒ ያልደረቀ ዋንዛ ነክቶ አያውቅም፤ እስኪደርቅ ወራት ነው የሚጠብቀው። መጠበቅ ሲያቅተው ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ኪኒኑን ትቷል፣ ሪያድ። ሜ እስቲ፣ አንተን ይሰማሃል፤ ውሰድ በለው።"

"ሰውዬው እየሠራ እኮ ነው፤ ተይው" አልኳት። ወላሂ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሐሙስ ገበያ ላይ ሃያ ሁለት በርጩማ ደረደረ። ፀሐዩ ሲበረታ አንዱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ሌላው። የቀትሩ ዙሁር ሶላት ሳይደርስ ደህና የቀረው ሦስት ብቻ ነበር። ቲጃኒ ሳቀ። የገበያተኛውን እጅ እየጎተተ ነገ መቶ እሠራለሁ ሲል ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ለጢፋና እኔ ባጃጅ ላይ መሃላችን አስቀምጠን ሐኪም ቤት ወሰድነው። መንገዱን ሙሉ ከመጽሐፉ ይጠቅስልኝ ነበር።

ከወር በኋላ ተመለሰ፤ አረማመዱ ዝግ ብሏል። ሱቄ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ መጽሐፍ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

"አፉ በለኝ፣ በድዬሃለሁ" አልኩት።

"የጻፈው ሰው አልዋሸም" አለኝ። "ግን እሱ ተኝቶ ነው የሚነሳው። እኔ መች ተኝቼ ነው እንቅልፍ የምቀንሰው?"

ውሃ ጠየቀኝና ሰጠሁት። ከኪሱ ኪኒን አውጥቶ ዓይን ዓይኔን እያየ ዋጠ።

"ለለጢፋ ዋጠ በላት" አለኝ። "እኔን አታምነኝም።"

እኔንስ ታምነኝ ይሆን? ሱቁን ሳልዘጋ ወደ ለጢፋ ሄድኩ።